የናይሮቢ ሹማምንት ሲጣሉም ሲስማሙም የሚከፍለው ነጋዴው ነው

ከኬንያ ጋር ዕቃ የሚለዋወጥ፣ በሞያሌ በኩል ጭነት የሚያመላልስ ወይም ናይሮቢ ካለ ሸሪክ ጋር ገንዘቡን ያቀላቀለ ሰው ስለ ጎረቤታችን ፖለቲካ ሲያወራ ዘወትር አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ይኼ ጥምር መንግሥት ይቆያል ወይስ ይፈርሳል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ሆኖም ያለፉት ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመታት የኬንያ ገበያ ታሪክ ሲመረመር ነጋዴውን የጎዳው የመንግሥት መፍረስ ብቻ አለመሆኑ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የጎዳው መንግሥቱ ሳይፈርስ እንዲቆይ ሲባል የተከፈለው ዋጋ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የሞያሌው ንግድ፣ በ2022 የተመረቀው የኢትዮጵያና የኬንያ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በዚያው ዓመት በአገራችን አገልግሎት የጀመረውና በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው የቴሌኮም ኩባንያ፣ ሁሉም የአዲስ አበባን ኪስ ከናይሮቢ ካቢኔ ጋር አገናኝተውታል። በማርች 2012 የላሙ ወደብና የመንገድ ፕሮጀክት ሲጀመር የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር አብረው እንደነበሩም አይዘነጋም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ የኬንያ ፖለቲካ በገበያ ዓይን እንዴት እንደሚነበብ ማወቁ ለነጋዴውም፣ ለደላላውም፣ ገንዘቡን ለሚያፈሰውም ይጠቅማል።

ጥምር መንግሥት እንደ ሽርክና ሱቅ

ጥምር መንግሥት ማለት በቀላሉ ሲታይ ሽርክና ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ሱቅ ከፍተው አንዱ መጋዘኑን፣ ሁለተኛው ካዝናውን፣ ሦስተኛው ሽያጩን ያዙ እንበል። ከመጋዘኑ ዕቃ ሲጎድል ካዝና የያዘው ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል። ምክንያቱም እሱ «መጋዘኑ ይቆጠር» ካለ ባለመጋዘኑ ደግሞ «ካዝናውም ይቆጠር» ይላል። ሁለቱ ከተጣሉ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ከሚዘጋ ጉድለቱን ዕቃው ላይ ጨምሮ ደንበኛው እንዲከፍለው ማድረግ ይቀላል።

በጥምር መንግሥት ውስጥ የሚኒስትርነት ወንበር እንደ አክሲዮን ድርሻ ይቆጠራል። ወንበሩን ያገኘው ሰው በችሎታው ብቻ ሳይሆን ይዞት በመጣው ድምፅና አካባቢ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ፕሬዚዳንቱ ይህን ሰው በሙስና ጠርጥሮ ሊያባርረው ሲነሳ የሚያባርረው አንድን ሹም ሳይሆን የአንድን ክልል ድምፅ ይሆንበታል። በመሆኑም አይነካውም። የማይነካ ሹም ደግሞ የሚፈርመው ፈቃድ፣ የሚሰጠው ጨረታና የሚከፍተው መጋዘን ዋጋ ያወጣል።

ኬንያውያን ሥልጣን ስለመያዝ ሲያወሩ «መብላት» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። «ተራው የእኛ ነው፣ እንብላ» እንደማለት ነው። ይህ አነጋገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት ነገሩን ቀድሞ ተናግሮታል። በጥምር መንግሥት ውስጥ ይህ ተረት ይብሳል። ሽርክናው መቼ እንደሚፈርስ ስለማይታወቅ ሹሙ ነገ እሻራለሁ ብሎ ዛሬ ይቸኩላል።

ጎልደንበርግ፦ የፖለቲካ ገንዘብ ወደ ገበያ ሲወጣ

የዛሬውን ለመረዳት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ መነሳት ያስፈልጋል። ያኔ ኬንያን ይገዛ የነበረው የዳንኤል አራፕ ሞይ ፓርቲ ካኑ ብቻውን ነበር። በኖቬምበር 1991 ለጋሽ አገሮች ፈጣን ዕርዳታቸውን አቆሙ። ሞይ በቀጣዩ ወር የፓርቲዎችን በር ለመክፈት ተገደዱ። የመጀመሪያው የብዙ ፓርቲ ምርጫም በዲሴምበር 1992 ተካሄደ። የውጭ ምንዛሪ የተቸገረና ምርጫ የመጣበት መንግሥት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ጎልደንበርግ ኢንተርናሽናል የተባለው ኩባንያ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ኩባንያው ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ እልካለሁ፣ ዶላርም አመጣለሁ አለ። በጊዜው በነበረው ደንብ ላኪዎች ላመጡት የውጭ ምንዛሪ 20 በመቶ የማበረታቻ ክፍያ ያገኙ ነበር። ለጎልደንበርግ ግን 15 በመቶ ተጨምሮ 35 በመቶ ተፈቀደለት፤ ሥራውንም ብቻውን እንዲሠራ ተደረገ። ሒሳቡን አንባቢ ይመልከተው። አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ልኬያለሁ ብሎ ወረቀት ያቀረበ ሰው 350 ሺህ ዶላር የሚመዝን ሽልንግ ከመንግሥት ካዝና ይቀበላል ማለት ነው። ኬንያ ደግሞ ያኔ የምታመርተው ወርቅ እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ የአልማዝ ማዕድንም አልነበራትም።

ነገሩ በ1993 ይፋ የወጣው ዴቪድ ሙንያኬይ የተባለ የማዕከላዊ ባንኩ ወጣት ሠራተኛ ያያቸው ሰነዶች አላስተኛ ብለውት አሳልፎ በመስጠቱ ነው። ሙንያኬይ ታሰረ፣ ከሥራውም ተባረረ፤ በ2006 በችግር ላይ እንዳለ ሞተ። በአንጻሩ በጉዳዩ ስማቸው ከተነሳው ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች መካከል በወንጀል ተፈርዶበት ዋጋ የከፈለ ትልቅ ሰው አልታየም።

ገበያው ግን ፍርድ ቤት አልጠበቀም። ከጎልደንበርግ ክፍያና ከምርጫው ወጪ ጋር ብዙ ሽልንግ ወደ ገበያ ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ የተበተነውን ባለ 500 ሽልንግ ኖት ሕዝቡ በገዢው ፓርቲ የወጣቶች ቡድን መሪ በሳይረስ ጂሮንጎ ስም «ጂሮንጎ» ብሎ ይጠራው ነበር። በ1990 በ23 ሽልንግ ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በ1993 አማካይ ዋጋው 58 ሽልንግ ገደማ ደረሰ። የዚያው ዓመት የዋጋ ግሽበት 46 በመቶ ገደማ ነበር። በሽልንግ ያበደረ፣ በሽልንግ ዱቤ የሰጠ፣ በሽልንግ ያጠራቀመ ሁሉ የምርጫውን ወጪ ሳይጠየቅ አዋጣ።

የ2002ቱ ጥምረትና ሁለት ገጽ ያለው ስምምነት

ሕዝቡ በዚህ ተማሮ ነበርና በዲሴምበር 2002 ምዋይ ኪባኪን 62 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ መረጠ። ካኑ ከነፃነት ጀምሮ ለ39 ዓመታት የያዘውን ሥልጣን ለቀቀ። ያሸነፈው ናርክ የተባለው ጥምረት ነበር። ጥምረቱ የኪባኪ ወገንንና ከካኑ የወጡትን የእነ ራይላ ኦዲንጋን ቡድን ያገናኘ ነው። ከምርጫው በፊት ሁለቱ ወገኖች የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል። የካቢኔው ወንበር እኩል ሊካፈል፣ ለራይላም የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ ሊፈጠር ነበር ስምምነቱ።

ኪባኪ ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ ያ ሰነድ ተረሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሸሪኮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለቀጣዩ ምርጫ ይዘጋጁ ጀመር። ለምርጫ መዘጋጀት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

አንግሎ ሊዚንግ የሚባለው ቅሌት የተሰማው በ2004 ነው። የኬንያ መንግሥት የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓቱን ሊቀይር ፈልጎ ነበር። አንድ የፈረንሣይ ድርጅት ሥራውን በ6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እሠራለሁ ብሎ ነበር። ውሉ የተሰጠው ግን ከአድራሻ ያለፈ ይህ ነው የሚባል ድርጅትነት ላልተገኘለት ኩባንያ፣ በ30 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ይባስ ብሎ ሥራውን ሊሠራ የታሰበው ያው የፈረንሣይ ድርጅት ነበር። ምርመራው ሲቀጥል ተመሳሳይ ውሎች 18 መድረሳቸውና ጠቅላላ ዋጋቸው 770 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ታወቀ። አብዛኞቹ የፖሊስና የጸጥታ ዕቃ ናቸው ተብለው በምስጢር ሽፋን ጨረታ ያልታየባቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ የተጀመሩትም በካኑ ዘመን ነው። አዲሱ መንግሥት አሮጌውን መንገድ ከነመኪናው ተረክቦ ነዳው ማለት ነው።

ጉዳዩን ይመረምሩ የነበሩት የፕሬዚዳንቱ የፀረ ሙስና ኃላፊ ጆን ጊቶንጎ በፌብሩዋሪ 2005 እንግሊዝ አገር ሆነው ሥራቸውን ለቀቁ። በኋላ በጻፉት ሪፖርት ገንዘቡ ለቀጣዩ ምርጫ እንዲሆን የታሰበ መሆኑን ከካቢኔው ሰዎች አፍ መስማታቸውን ገለጹ። የተጠቀሱት ሚኒስትሮች ክሱን አስተባብለዋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴቪድ ምዊራሪያ በ2006 መጀመሪያ ከሥልጣን ወርደው በቀጣዩ ዓመት ወደ ካቢኔው ተመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ናርክ የፈረሰው በአንግሎ ሊዚንግ ምክንያት አይደለም። የፈረሰው በወንበር ክፍያ ነው። በኖቬምበር 2005 በተካሄደው የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ የእነ ራይላ ወገን ከራሱ መንግሥት ተቃራኒ ቆሞ 58 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ አሸነፈ። ኪባኪ በማግሥቱ መላውን ካቢኔ በተኑ፤ ሲያዋቅሩትም የራይላን ሰዎች አስቀሩ። «ሌቦች ሲሰርቁ አይጣሉም፣ ሲካፈሉ ይጣላሉ» እንደሚባለው ነው።

የዚህ ውል ዕዳ ከመንግሥቱ ዕድሜ በላይ ቆየ። በ2014 ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሮቦንድ ለዓለም ገበያ ልታቀርብ ስትዘጋጅ ከእነዚሁ ኩባንያዎች የመጡና በውጭ ፍርድ ቤቶች የተፈረዱ የክፍያ ጥያቄዎች መንገድ ላይ ቆሙባት። መንግሥት 1.4 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ከፍሎ በጁን 2014 የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንዱን ሸጠ። ሌብነት ነው ተብሎ የተወገዘ ውል ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ ሕጋዊ ዕዳ ተከፈለ ማለት ነው። የተፈረመ ወረቀት የፈረመው ሰው ቢሻርም አይሻርም።

የ2008ቱ እሳትና 40 ሚኒስትሮች

የዲሴምበር 2007ቱ ምርጫ ውጤት ሲያወዛግብ በኬንያ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ600 ሺህ የማያንሱ ተፈናቀሉ። ይህ በሰው ሕይወት የተከፈለ ነውና ከገበያ ሒሳብ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ገበያው ላይ የደረሰውም ለጎረቤት ሁሉ ትምህርት ነበር። ከሞምባሳ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ኪቤራ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር የባቡር ሐዲዱ ተነቀለ። በሞምባሳ ወደብ የሚጠቀሙት ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ነዳጅ አጡ። ምንም ምርጫ ያላደረገው የካምፓላ ባለታክሲ ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ ገዛ። በ2007 ወደ 7 በመቶ ገደማ አድጎ የነበረው የኬንያ ኢኮኖሚ በ2008 ዕድገቱ 2 በመቶ እንኳን አልሞላም።

በኮፊ አናን ሸምጋይነት በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ስምምነት ተፈረመ። ኪባኪ ፕሬዚዳንት፣ ራይላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በኤፕሪል የተሰየመው ካቢኔ 40 ሚኒስትሮችና 50 ገደማ ረዳት ሚኒስትሮች ነበሩት። ለሰላም ሲባል ሁሉም ሰው ወንበር አገኘ። ነጋዴውም እፎይ አለ። መንገዱ ተከፈተ፣ ሱቁም ተከፈተ።

ነገር ግን 40 ወንበር ማለት 40 በር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት በሮች ተከፍተው ተገኙ።

የበቆሎውና የነዳጁ መጋዘን

የመጀመሪያው በቆሎ ነው። በ2008 መጨረሻ በድርቅና በምርጫው ማግሥት ሁከት ምርት ወደቀ። ፕሬዚዳንት ኪባኪ በጃንዋሪ 2009 ብሔራዊ አደጋ ሲያውጁ 10 ሚሊዮን ሕዝብ ለረሃብ ተጋልጧል ተባለ። መንግሥት በእህል ቦርዱ መጋዘን ያለውን የመጠባበቂያ በቆሎ ከገበያው ባነሰ ዋጋ ለዱቄት ፋብሪካዎች እንዲሸጥ ወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን ወፍጮ የሌላቸው፣ ቦርሳ እንጂ መጋዘን የማያውቁ ሰዎች ከሹማምንት ደብዳቤ እያጻፉ ድልድሉን ወሰዱ። ደብዳቤውንም ለእውነተኞቹ ፋብሪካዎች አትርፈው ሸጡ።

አሠራሩን ለምሳሌ በቁጥር እንየው። መንግሥት ጆንያውን በ100 ቢሸጥና የገበያው ዋጋ 150 ቢሆን በመካከሉ ያለው 50 የማንም ያልሆነ ገንዘብ ይመስላል። ደብዳቤ ያለው ሰው ፋብሪካውን 40 ያስከፍለዋል። ፋብሪካው በ140 ገዝቶ ዱቄቱን በገበያው ዋጋ ይሸጣል። ድጎማው ለድሃው ተብሎ ወጥቶ በመንገድ ላይ አለቀ። በቆሎውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳይነካ የከበረው ደብዳቤ ያዡ ነው።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ትራይተን የተባለ የነዳጅ ኩባንያ ባንኮችና ሌሎች ገንዘብ አቅራቢዎች ያበደሩበትን ነዳጅ በመንግሥቱ የቧንቧ ኩባንያ ማከማቻ አስቀምጦ ነበር። ነዳጁ ለብድሩ መያዣ ነው፤ አበዳሪው ሳይፈቅድ ሊወጣ አይገባም። በ2009 መጀመሪያ ሲቆጠር ግን 126 ሚሊዮን ሊትር ገደማ፣ ዋጋው 7.6 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ የሆነ ነዳጅ አበዳሪዎቹ ሳያውቁ ወጥቶ ተገኘ። በመንግሥት መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል ብለው ያመኑ ባንኮች ባዶ ደረሰኝ ይዘው ቀሩ።

እንግዲህ የጥምር መንግሥቱ ባሕርይ ግልጽ ሆኖ የታየው በአንድ እሑድ ነው። ፕራይስ ዋተርሀውስ ኩፐርስ የበቆሎውን ጉዳይ ኦዲት ካደረገ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2010 የግብርና ሚኒስትሩን ዊልያም ሩቶንና የትምህርት ሚኒስትሩን ሳም ኦንጌሪን ለሦስት ወር ከሥራ አገድኩ አሉ። በትምህርት ሚኒስቴሩ በኩል የነፃ ትምህርት ገንዘብ ጎድሏል ተብሎ እንግሊዝና አሜሪካ ዕርዳታቸውን አቁመው ነበር። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ኪባኪ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ለማድረግ ሥልጣን የለውም» በሚል ዕገዳውን ሻሩት። ሁለቱም ሚኒስትሮች ጥፋት የለብንም ብለዋል። ሩቶም ከዓመት በፊት በፓርላማ የቀረበባቸውን የመተማመኛ ድምፅ በሰላም አልፈው ነበር።

ገበያ ውስጥ ላለ ሰው የዚያ እሑድ ትርጉም ሚኒስትሮቹ ጥፋተኞች ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው አልነበረም። ትርጉሙ «ሚኒስትርን ማገድ የሚችል ሰው በዚህ አገር የለም» የሚለው ነው። የሁለት ባለቤት ሱቅ ውስጥ ሠራተኛ የሚያባርር የለም።

በሌላ በኩል ሲታይ

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሁለት ነገሮች መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ ጥምር መንግሥት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ሸሪኮች እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ በአንድ ፓርቲ ዘመን ተቀብሮ ይቀር የነበረ ወረቀት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ኬንያ በኦገስት 2010 በ67 በመቶ ገደማ ድምፅ ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት የተወለደውም በዚያው በተነታራኪው ካቢኔ ዘመን ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚኒስትሮችን ቁጥር ከ22 እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ፍርድ ቤቱንም አጠናከረ። በሴፕቴምበር 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሸናፊን አቤቱታ ሰምቶ የፕሬዚዳንት ምርጫ መሰረዙ የዚህ ፍሬ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽልንግ በወደቀ ቁጥር ጥፋቱ የፖለቲካ ነው ማለት አይደለም። በኦክቶበር 2011 ዶላር እስከ 107 ሽልንግ ሲደርስ ጥምር መንግሥቱ አንጻራዊ ጸጥታ ላይ ነበር። ያኔ ያናወጠው ድርቁ፣ የነዳጅ ዋጋና የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ለማሳደግ መዘግየት ነበር። ባንኩ በዓመቱ መጨረሻ ወለዱን ወደ 18 በመቶ ካወጣ በኋላ ሽልንጉ ተመለሰ። ሁሉን ነገር በካቢኔ ወሬ የሚተረጉም ነጋዴም ይከስራል።

ከ2024 ወዲህ

በ2022 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ዊልያም ሩቶ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ያስገኛል የተባለ የግብር ረቂቅ ሲያቀርቡ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። በጁን 25 ቀን 2024 ሰልፈኞች ፓርላማው ውስጥ ገቡ፤ ብዙ ሰዎችም ተገደሉ። ሩቶ ረቂቁን ተዉት፤ በጁላይም ካቢኔያቸውን በተኑ። ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅት በዚያው ወር የኬንያን ደረጃ ዝቅ አደረገ። ሩቶ ካቢኔውን መልሰው ሲያቋቁሙ የትናንት ተቀናቃኛቸውን የራይላ ኦዲንጋን ሰዎች አስገቡ። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ለጆን ምባዲ፣ ኃይልና ነዳጅ ለኦፒዮ ዋንዳዪ ተሰጠ። በኦክቶበር 2024 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪጋቲ ጋቻጉዋ በምክር ቤቱ ከሥልጣን ተነሱ። በማርች 2025 ሩቶና ራይላ ስምምነታቸውን በፊርማ አጸኑት። በኦክቶበር 2025 ግን ራይላ ኦዲንጋ በሕንድ አገር አረፉ። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ ሳይኖር ስምምነቱን መሸከም በተረፉት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከ2022 ቀጥሎ ያለውን ምርጫ ሕገ መንግሥቱ ለኦገስት 2027 ያስቀምጠዋል።

በዚሁ ጊዜ የትልልቅ ውሎች ዕጣም ታየ። የሕንዱ አዳኒ ግሩፕ የናይሮቢን አውሮፕላን ማረፊያ ለ30 ዓመታት ሊይዝ ያቀረበው ሐሳብና የ736 ሚሊዮን ዶላር የኤሌክትሪክ መስመር ውል ሠራተኛውንም ፍርድ ቤቱንም ሲያነጋግር ቆይቶ፣ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በኩባንያው ባለቤት ላይ ክስ ባሰማ ማግሥት፣ በኖቬምበር 2024 ሩቶ ፓርላማ ውስጥ ባደረጉት ንግግር ተሰረዘ። ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል። ለገበያው ግን ቁም ነገሩ አንድ ነው። ከፍ ባለ ሰው በጎ ፈቃድ የቆመ ውል በዚያው ሰው አንድ ንግግር ይወድቃል።

ነጋዴው ምን ይመልከት?

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በእጅ የሚያዙ አምስት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ «መንግሥቱ ይወድቃል ወይ?» ከማለት በፊት «የእኔን ዕቃ በር የያዘው የትኛው ሸሪክ ነው? ሊያባርረው የሚችልስ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ነዳጅ፣ እህል፣ ጉምሩክ፣ መንገድ እያንዳንዳቸው ጌታ አላቸው። የማይባረር ሹም የያዘው በር ዛሬ ምቹ ቢሆንም ነገ ምን እንደሚያስከፍል አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ በመንግሥት ዋጋና በገበያ ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት ባለበት ቦታ የሚዞር ደብዳቤ አይገዛም። ደብዳቤው እውነተኛ ቢሆን እንኳን ሸሪኮቹ የተጣሉ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ደብዳቤውን በእጁ የያዘው ሰው ነው። ደላላም ቢሆን ኮሚሽኑን ሲያሰላ ይህን አብሮ ያስላ።

ሦስተኛ፣ የምርጫ ዓመት ሲቃረብ በሽልንግ የሚሰበሰብ ዱቤ ይጠር። የ1992ቱ ምርጫ በገንዘቡ ዋጋ፣ የ2007ቱ በመንገዱ መዘጋት ነጋዴውን መቱት። ሁለቱም ምርጫዎች የተካሄዱት በዲሴምበር መጨረሻ ሲሆን ጉዳታቸው የተሰማው በቀጣዮቹ ወራት ነው። ስለዚህ የክፍያ ቀን ምርጫው ከሚውልበት ወርና ከተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ውጭ እንዲሆን መደራደር የፈሪ ሥራ አይደለም።

አራተኛ፣ መጋዘን የመንግሥት ስለሆነ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የትራይተን አበዳሪዎች ወረቀታቸው የተሟላ ነበር፤ የጎደለው ነዳጁ ነው። ዕቃ በመያዣነት የያዘ ሰው ራሱ ወይም የራሱ ወኪል በየጊዜው ሄዶ ይቁጠር። የሦስተኛ ወገን ደብዳቤ ቆጠራን አይተካም።

አምስተኛ፣ ጋዜጣ ላይ በድንገት የቅሌት ሰነድ ሲበዛ ሸሪኮቹ መካፈል እንዳቃታቸው ምልክት ነው። አንባቢው በሰነዱ ይዘት ብቻ ሳይሆን በጊዜው ላይም ያስብ፤ «ማን አወጣው? ለምን አሁን?» ይበል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚቀጥለውን የካቢኔ ሹም ሽር ይጠቁመዋል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። በ2008 የኡጋንዳ ነጋዴ የተንጠለጠለው በአንድ ባላ ነበር፤ እሱም ሞምባሳ ነው። የኛ አስመጪ አብዛኛው ዕቃው በጅቡቲ ስለሚገባ ያን ጊዜ ተርፏል። ወደ ደቡብ የሚወስደው በር እየሰፋ ሲሄድ ግን ያ መትረፍ አብሮ አይቀጥልም። በሞያሌ መንገድ ላይ ገንዘቡን የሚያሳርፍ ሰው የናይሮቢን የሹመት ዝርዝር ከቡና ዋጋ ዝርዝር ጎን ለጎን ማንበብ ይኖርበታል።